የዱር እንጉዳይ ንግግር በአማርኛ፦ ከሲያትል የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ ማብቂያ

ተፈቀደ። ከክለባችን የመኸር ንግግሮች አንዱ በአማርኛ ይሆናል። አዘጋጁም ተናጋሪውም እኔ ነኝ። ክለቡ የማሳያ ሳህን፣ ናሙናና አንድ ነባር እንጉዳይ ለዪ ይሰጠኛል። ቦታው በደቡብ ሲያትል፣ ሬይኒየር ቫሊ አካባቢ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነው። ሰፈሩ ሐበሻ የበዛበት ስለሆነ ሰው ራቀኝ ብሎ አይቀርም። ሌላ ሰበብ አያጣም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ክለቡን ለማታውቁ፦ ፒዩጀት ሳውንድ ማይኮሎጂካል ሶሳይቲ ይባላል። የተመሠረተው በ1964 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የእንጉዳይ ሊቅ ዳንኤል ስታንትዝ ከመጀመሪያዎቹ አማካሪዎቹ አንዱ ነበር። አባላቱ ጡረተኛ፣ ምግብ አብሳይ፣ ተማሪ፣ የኮምፒውተር ሠራተኛ፣ ሁሉም አለበት። በወር አንዴ ይሰበሰባሉ፣ እንግዳ ተናጋሪ ይጋበዛል። በመኸር ደግሞ ትልቅ ኤግዚቢሽን አለ። ሰው ከጓሮው የነቀለውን በወረቀት ከረጢት ይዞ ይመጣና "ይሄ ምንድን ነው?" ይላል።

የተለመደው ንግግር "ጫካችን ውስጥ ምን ይበላል?" የሚል ነው። እኔ በዚያ አልጀምርም። የኛ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫት ይዞ ተራራ አይወጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰፈር ውስጥ ያለው ሣር ነው። ልጇን ልታርስ ከአገር ቤት የመጣች እናት ጠዋት ጠዋት በእግሯ ዞር ዞር ትላለች። መንገድ ዳር ነጣ ያለ፣ የሚያምር፣ ወፈር ያለ እንጉዳይ ታያለች። እርሷ ባደገችበት አገር ይበላ ይሆናል። እዚህ ግን ያ እንጉዳይ ሊገድላት ይችላል። ንግግሩ ለእርሷ ነው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ

ለማሳያ የሚሆን ገዳዩን እንጉዳይ ፍለጋ ወጣን። ሳይንሳዊ ስሙ አማኒታ ፋሎይደስ ነው። ለዪዋ ቦታውን ታውቃለች፤ ጫካ አይደለም። ቤቶቹ ጥሩ ጥሩ የሆኑ፣ ሣሩ የተከረከመ፣ በመንገዱ ዳር ሆርንቢም የሚባል የአውሮፓ ዛፍ የተሰለፈበት ሰፈር ነው።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ይህ እንጉዳይ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ ነው የሚኖረው፦ ዛፉ ስኳር ይሰጠዋል፣ እሱ ለዛፉ ውኃና ማዕድን ያመጣለታል። ከአውሮፓ ችግኝ ሲመጣ በሥሩ ላይ ተጣብቆ አብሮ መጣ። ከዚያ ዛፉ እስኪያድግ መሬት ውስጥ ዝም ብሎ ቆየ። ከተማዋ በመንገድ ዳር የተከለችው ጥላ ከነገዳዩ ነው ማለት ነው። ከድንበሩ ማዶ በብሪቲሽ ኮሎምቢያም ታሪኩ ያው ነው። እዚያ መጀመሪያ የታየው በ1997 ቼስትነት ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ሥር ነበር። በ2016 ደግሞ በቪክቶሪያ ከተማ የ3 ዓመት ሕፃን ከመንገድ ዳር የተለቀመውን በልቶ ሞቷል።

አገር ቤትም እንጉዳይ ከዛፍ ጋር ተሰዷል፣ ደግነቱ ይኼኛው አይደለም። ወንዶ ገነት ባለው የፓቱላ ጥድ ደን ሱይለስ ሉቴየስ የሚባል የሚበላ እንጉዳይ ይበቅላል። ጥዱ የሜክሲኮ ነው፣ እንጉዳዩም አብሮት የመጣ ነው። ይቺን ንግግሩ ላይ እጠቅሳታለሁ፤ ሰው በራሱ አገር ምሳሌ ቶሎ ይገባዋል።

ሁለተኛው የገባኝ ነገር ወቅቱ ነው። የዚህ አገር የጫካ እንጉዳይ ዝናብ ይጠብቃል። ገዳዩ ግን ሰው ሣሩን በበጋ ስለሚያጠጣ ቀድሞ ይወጣል። ዛሬ ጫካው ገና ደረቅ ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ ግን ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያለውን ዕድሜውን ሁሉ አገኘን። ገና ከመሬት ብቅ ያለው እንቁላል ነው የሚመስለው።

ለዪዋ ቢላዋውን ከጎን አስገብታ ከነሥሩ ፈነቀለችው። ከመሬት በላይ ቆርጦ መውሰድ አይሆንም። ዋናው ምልክት፣ እግሩ የቆመበት ነጭ ከረጢት፣ አፈር ውስጥ ይቀራል። በሰም ወረቀት ጠቀለልን። ፌስታል ውስጥ ላብ ያልበውና በአንድ ቀን ይበሰብሳል።

የቤቱ ባለቤት ወጥቶ ምን እንደምንሠራ ጠየቀ። ነገርነው። ውሻ አለው። ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ውሻንም ይገድላል።

በዚያው ሳምንት

የስፖር አሻራ መሥራት ጀመርኩ፤ ስፖር ማለት እንጉዳይ የሚራባበት፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር ነው። የእንጉዳዩን ቆብ ከእግሩ ቆርጦ፣ ከቆቡ ሥር የተደረደሩትን ስስ ቅጠሎች ወደ ታች አድርጎ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ በሆነ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ከላይ ብርጭቆ ይደፋበታል። በማግስቱ ስታነሱት ስፖሩ በዱቄት መልክ ወርዶ የቅጠሎቹን ቅርጽ ይሥላል። የገዳዩ ነጭ ነው። ከሱቅ የምንገዛው የሻምፒኞኑ ቡናማ ይወጣል።

ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሰዎች በአሜሪካም በአውስትራሊያም በዚህ እንጉዳይ ተመርዘዋል። እነርሱ አገራቸው የሚበሉት፣ በሩዝ ገለባ ላይ የሚያድገው እንጉዳይ በልጅነቱ ቁርጥ ገዳዩን ነው። እሱም ከረጢት አለው። ከሚለያቸው ነገር አንዱ የስፖሩ ቀለም ነው፦ የገለባው ሮዝ፣ የገዳዩ ነጭ። አገሩ የሚያውቀውን ያየ መስሎት የሚያነሣ ሰው ከማያውቀው ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ለኛም ሰው ይኸው ነው የሚያሰጋኝ።

ናሙናዎቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው፣ በክዳን ዕቃ፣ በቀይ ተጽፎባቸው። ባለቤቴ ዕቃው የኔ ሆኖ እንዲቀር፣ ሽሮም እንዳይገባበት አዛለች።

የመስቀል ሳምንት

ንግግሩን መጻፍ ያዝኩ። ክለቡ የሰጠኝ ስላይድ ብዙ ነው፣ ፎቶው ደግሞ ያማልላል። አብዛኛውን አወጣሁት። ሰው በአንድ ከሰዓት ሠላሳ እንጉዳይ አይይዝም። ሦስት ይበቃል፦ አንድ ገዳይ፣ አንድ የሚበላ፣ አንድ የሚያስገርም።

የገዳዩን ምልክቶች እንዲህ አስቀመጥኳቸው። ቆቡ ከአረንጓዴ ቢጫ እስከ ነጭ ይደርሳል። ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ነጭ ናቸው። እግሩ ላይ ቀሚስ የመሰለ ቀለበት አለ። እግሩ መሬት ውስጥ ከረጢት ላይ ይቆማል።

ከባዱ ክፍል የሕመሙ አካሄድ ነው። የበላ ሰው ወዲያው አያመውም። ከበላ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ፣ ትውከትና ተቅማጥ ይጀምረዋል። ከዚያ ይሻለዋል። ሰውየው "እፎይ፣ ወጣልኝ" ይላል። ቤተሰቡም ይተኛል። በዚያ መሀል መርዙ ጉበት ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነው። አማቶክሲን ይባላል፤ ሕዋሱ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ትእዛዝ እንዳይገለብጥ ያደርገዋል። ሲመለስበት ጉበቱ ተበላሽቷል፣ አንዳንዱን የሚያድነው የጉበት ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። መቀቀል አያጠፋውም፣ ማድረቅም አያጠፋውም፣ ፍሪዘርም አያጠፋውም። ከበሉት የተረፉ ሰዎች ደግሞ ጣዕሙ ጥሩ ነበር ይላሉ።

ስለዚህ "ተሽሎኛል" የምትለዋን ቃል ለብቻዋ በትልቁ በአንድ ስላይድ ላይ አደረግኳት። ይህን ከስላይዶቹ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ከዚያ የሰው ዘዴዎች አሉ። ነጭ ሽንኩርት አብረህ ቀቅል፣ ከጠቆረ መርዝ ነው። የብር ማንኪያ ክተት። ትል ከበላው ይበላል። ቆዳው ከተላጠ ይበላል። ሁሉም ውሸት ነው። የገዳዩ ቆዳ እንዲያውም በቀላሉ ይላጣል። ትሉም ይበላዋል።

አንድ ነገር ማታ ላይ ትዝ አለኝ፣ ንግግሩን ሁሉ ያስተካከለልኝ እሱ ነው። ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያደገ ሰው በብዛት የሚያውቀው የዱር እንጉዳይ ከኩይሳ ላይና ከሥሩ የሚወጣውን ነው። ያ እንጉዳይ የምስጥ እርሻ ነው። ምስጡ የእንጨትና የቅጠል ፍርፋሪ አስገብቶ፣ በእዳሪው ላይ ፈንገሱን ያበቅላል፣ እሱንም ይመገባል። ክረምት ሲገባ ፈንገሱ ረጅም ሥር የመሰለ እግር ይሰድና ከጎጆው እስከ ላይ ወጥቶ ይከፈታል። ሰው በእርሻ ሊያለማው አልቻለም፣ ምስጥ ግን ይችላል። እንዲህ እንጉዳይ የሚያርሱ ምስጦች ያሉት በአፍሪካና በእስያ ብቻ ነው። በአሜሪካ አህጉር አንድም የለም።

እንግዲያው እናቶቻችን የሚያውቁት እንጉዳይ ሲያትል ውስጥ ሊኖር አይችልም። ቢመስልም አይደለም። ይህን ለማስረዳት ምልክት መቁጠር አያስፈልግም። ንግግሩ በዚህ ይጀምራል።

መስከረም መጨረሻ

ካርድ ታተመ። በአንድ በኩል የገዳዩ ፎቶ ከነምልክቶቹ፣ በሌላው በኩል የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስልክ፦ 1-800-222-1222። በመላው አሜሪካ ይሠራል፣ 24 ሰዓት፣ በነፃ፣ አስተርጓሚም አለው። "አማሪክ" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ፊደሉን ትልቅ አድርጉት አልኩ፣ ያለ መነጽር እንዲነበብ። ፖስተሩን እንጀራ የሚሸጡ ሱቆች ላይና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለጠፍኩ። አንዱ ባለሱቅ "እንጉዳይ ትሸጣለህ እንዴ?" አለኝ።

ጽጌ ጾም ገባ

ዝናቡ መጣ። ለሚበላው ናሙና ወደ ካስኬድ ተራሮች ግርጌ ወጣን። የፈለግነው ሻንተሬል ነው። የዚህ አካባቢው ዝርያ ካንታሬለስ ፎርሞሰስ ይባላል፤ ጎረቤታችን ኦሪገን በ1999 የግዛቲቱ ይፋዊ እንጉዳይ አድርጋዋለች። ከዳግላስ ጥድና ከሄምሎክ ዛፍ ሥር፣ አረንጓዴ ሽበት (ሞስ) በሸፈነው መሬት ላይ፣ እርድ የተነሰነሰ ይመስል ቢጫ ሆኖ ይታያል።

የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከገዳዩ ጋር የሚያምታታ አይደለም። ከቆቡ ሥር ያሉት እንደ ቢላ ስለት የሳሱ ቅጠሎች አይደሉም። ደንደን ያሉ፣ እየተከፈሉ የሚገናኙ፣ እግሩ ላይ የሚወርዱ ሽብሽቦች ናቸው። ለሁለት ስትሰነጥቁት ውስጡ ነጭ ነው፣ ክር ክር እያለ ይቀደዳል። አፕሪኮት የሚባለውን ፍሬ ይሸታል። አስመሳዩ ቅጠሎቹ ስስና ብርቱካናማ ናቸው፣ ውስጡም ብርቱካናማ ነው። ጎን ለጎን ለማሳየት እሱንም ለቀምን።

ሌላው ምክንያት ጾሙ ነው። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፣ ሻንተሬል ደግሞ እዚህ የሚበዛው ልክ በዚያን ጊዜ። አዲስ አበባ የጾም እንጉዳይ ጥብስ የለመደ ሰው ጆሮውን ይሰጠኛል። አሠራሩን እነግራለሁ፦ መጀመሪያ ያለ ዘይት ድስት ላይ ውኃውን ማስወጣት፣ ከዚያ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል። የዱር እንጉዳይ ጥሬውን አይበላም። አዲስ ዓይነት የሚቀምስ ሰው መጀመሪያ ጥቂት ይብላ፣ ጥሬውንም አንድ ፍሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ካመመው ለሐኪም የሚያሳየው ያገኛል።

የሚያስገርመውንም አገኘን። ሎብስተር ይሉታል። ሁለት ፈንገስ ነው፦ ሩሱላ የሚባለውን ነጭ እንጉዳይ ሌላ ፈንገስ ይወርሰውና እንደ ተቀቀለ የባሕር ሸርጣን ብርቱካናማ ቅርፊት ያለብሰዋል። ሽታውም ወደ ዓሣ ይሄዳል። ለጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ላይ እንዳያስገባኝ ብቻ።

ከንግግሩ በፊት ባለው ማታ

ሳህኖቹን አሰለፍኩ። አረንጓዴ ወረቀት ለሚበላ፣ ቀይ ለገዳይ፣ ቢጫ "ሆድ ያመሳል" ለሚለው። ገዳዩን ከሌሎቹ ለይቼ ራሱን በቻለ ጠረጴዛ ላይ አደርገዋለሁ። መንካት ይቻላል፤ መርዙ በቆዳ አይገባም። ለዪዋም ሰው እንዲነካው ትፈልጋለች። ፎቶ ያየ ይረሳል፣ ከረጢቱን በጣቱ የነካ አይረሳም ነው የምትለው። እስማማለሁ። እጅ መታጠቢያው ግን ቅርብ እንዲሆን አድርጌያለሁ፣ በኋላ ቆሎ ስለሚዞር።

የንግግሩ ዕለት

የተጠራው በ8 ሰዓት፣ የተጀመረው ሐበሻው በመጣ ሰዓት። ወንበሩ ግን ሞላ።

በኩይሳው ጀመርኩ። ገና ፎቶውን ሳወጣ ከኋላ አንድ ጋሼ "እሱማ የኛ ነው!" አሉ። ከቤንች በኩል ናቸው። እጃቸውን ሳያወጡ ተነሥተው ልጅ ሆነው እንዴት እንደሚለቅሙት፣ ማን ቀድሞ ኩይሳውን እንደያዘ፣ እናታቸው እንዴት እንደሚሠሩት ተናገሩ። አላቋረጥኳቸውም። ሲጨርሱ "ጋሼ፣ እዚህ ኩይሳ አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው። ዝም ብለው አሰቡና "የለም" አሉ። "ምስጡ ከሌለ እንጉዳዩም የለም" አልኩ። አዳራሹ ወዲያው ገባው። እኔ በስላይድ ልደክምበት የነበረውን እሳቸው ጨረሱልኝ።

አንዲት እናት "የጅብ ጥላ ሁሉ መርዝ ነው ብለው ነው ያሳደጉን፣ እኔ መች ነክቼ!" አሉ። ጥሩ ትምህርት ነው፣ አልተቃወምኩም። ልጃቸው ግን አጠገባቸው ሆና ሳቀች፦ "እማዬ፣ ባለፈው ከግቢያችን ለቅመሽ ይበላል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ!" አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እናትየዋም ሳቁ። ከዚያ ካርዱን ሁለት ጊዜ ጠየቁ፣ አንዱን ለጎረቤት።

አንድ ወጣት ስልኩን አወጣ። አፕ አለ፣ ፎቶ አንስተህ ይነግርሃል አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገዳይ ከላይ ብቻ አነሣ። አፑ ሌላ ስም ሰጠው። ለዪዋ ገለበጠችውና ከረጢቱን አሳየችው። አፕ ለማወቅ ጉጉት ይበቃል፣ ለድስት ግን አይበቃም። ይህን ከራሴ ዲስኩር ይልቅ የልጁ ስልክ በደንብ አስረዳ።

የአውስትራሊያዋ ሴትዮ ጉዳይ ይነሣል ብዬ ነበር፣ ተነሣ። በ2023 ለአማቾቿና ለዘመዶቻቸው በዚሁ ገዳይ እንጉዳይ ምሳ ሠርታ ሦስቱ የሞቱባት፣ በ2025 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላት። "ደርቆ ነበር አሉ፣ እንዴት መርዙ አልጠፋም?" አለ ጠያቂው። ማድረቅ ውኃውን ነው የሚያወጣው፣ መርዙ እዚያው ነው አልኩ። ከዚያ ወሬው ወደ አማት ዞረና ለመመለስ ትንሽ ተቸገርኩ።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ጥያቄ ግን ይኸኛው ነው፦ "ካመመን የት እንሄዳለን? ሲሻለን እንመለስ ወይ?" "ተሽሎኛል" የምትለውን ስላይድ መልሼ አወጣኋት። እንጉዳይ በልቶ ከሰዓታት በኋላ ያመመው ሰው ቢሻለውም ሐኪም ቤት ይሄዳል። የተረፈውን እንጉዳይ፣ የበሰለም ቢሆን፣ ይዞ ይሄዳል። ሳያመውም ከተጠራጠረ ስልኩን ይደውላል። አንድ ነርስ የሆነች ታዳሚ ተነሥታ "መቼ እንደበላችሁ ሰዓቱን ንገሩ፣ ስትደርሱ መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው" ብላ ጨመረች። በማስታወሻዬ አልነበረም፤ ለካርዱ ሁለተኛ እትም ገብቷል።

በመጨረሻ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው መጣ። ሻንተሬሉን ያሸተተ ሁሉ የት እንደሚለቀም ጠየቀ። የቦታ ስም አልሰጠሁም። ስስት አይደለም፣ ወይም ትንሽ ስስት ነው። የብሔራዊ ደን፣ የግዛት መናፈሻና የከተማ መናፈሻ ሕጋቸው ለየቅል ነው፣ መጀመሪያ የመሬቱን ባለቤት ጠይቁ አልኩ። ከክለቡ ጋር ብትወጡ ደግሞ ለዪ አብሯችሁ ይሆናል።

በሳምንቱ

ናሙናዎቹን ጣልኩ። ገዳዩ ለብቻው ታስሮ ቆሻሻ ውስጥ ገባ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጣልም።

ስልኬ በፎቶ ተጥለቅልቋል። አብዛኛው ከላይ የተነሣ ነው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፦ ከነሥሩ ፈንቅላችሁ ቆቡን፣ ከሥሩ ያለውን፣ እግሩንና የቆመበትን አንሡ፤ አጠገቡ ያለውን ዛፍም ጨምሩ። በፎቶ ብቻ "ይበላል" አልልም። ከቤንቹ ጋሼ ሰፈር የመጣ አንድ ፎቶ ቁርጥ ገዳዩን ይመስላል። ለዪዋ ሄዳ አየችው፣ እሱው ነው። ከኪራይ ቤቶች ፊት ለፊት፣ ሕፃናት ኳስ ከሚጫወቱበት ሣር ላይ። ለሕንፃው አስተዳደር ነገርን፣ ነቅለው እየጣሉት ነው። ፈንገሱ ግን ከዛፉ ሥር ጋር ስለሆነ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ካርዱን እያንዳንዱ በር ላይ አደረስን።

ክለቡ ለጸደይ ሌላ ንግግር ጠይቆኛል። ርእሱ ሞረል የሚባለው እንጉዳይ ነው፣ ከካስኬድ በስተ ምሥራቅ ባለፈው ዓመት እሳት ባቃጠለው ደን ውስጥ የሚወጣው። እሱም ጣጣ አለው። ጥሬው ወይም በደንብ ያልበሰለው ያማል። በ2023 በሞንታና ግዛት ቦዝማን ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ያልበሰለ ሞረል የበሉ ብዙ ሰዎች ታመው ሁለቱ ሞተዋል። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ጠይቄያለሁ። በሁዳዴ ቅዳሜ ከሰዓት ማንንም አላገኝም፣ ለዪዋም ሞረሉ እስከዚያ ይደርሳል ብላኛለች።